ለወንዝ የተሳለ ጸጉር

የጥንት ግሪኮች ባሕሩን ፖሲዶን የሚባል አምላክ ይገዛዋል፣ ወንዞችም እያንዳንዳቸው አምላክ ናቸው ብለው ያምኑ ነበር። ተረት ነው ብለን ማለፍ እንችላለን። እኔ ግን በሆሜር "ኢሊያድ" 23ኛ መጽሐፍ ላይ ያለ አንድ ታሪክ ስለ እኛው ጸሎት ብዙ ይናገራል ባይ ነኝ።

ፔሌዎስ የተባለ አባት ልጁ አኪለስ ከትሮይ ጦርነት በደኅና እንዲመለስለት ለአገሩ ወንዝ ለስፐርኪዮስ ተሳለ፤ ልጄ ከተመለሰ ጸጉሩን ቆርጦ ይሰጥሃል፣ በምንጮችህም አጠገብ 50 አውራ በጎች ይታረዱልሃል ብሎ። አኪለስ ግን እንደማይመለስ አወቀ። የወዳጁ የፓትሮክለስ አስከሬን ሊቃጠል ሲል ለወንዙ ያሳደገውን ጸጉር ቆርጦ በሟቹ እጅ ላይ አኖረው። ስፐርኪዮስ የአባትየውን ልመና አልፈጸመም።

ፖሲዶንማ ይብሳል። ኦዲሴየስን በባሕር ላይ ያንከራተተው ልጁን ፖሊፌመስን ስላሳወረበት ነው። ልጁ የኦዲሴየስን 6 ሰዎች የበላ መሆኑ ግድ አልሰጠውም። ቂም ነው እንጂ ፍርድ አይደለም።

እኛስ ወገኖቼ? "ቪዛው ከወጣልኝ ይህን አደርጋለሁ" እንላለን። "ይህን ያህል ስጥ፣ በረከትህ ይለቀቃል" ሲባል አሜን ብለን እናጨበጭባለን። በሽታ ሲመጣ ደግሞ "ምን አስቀይሜው ይሆን?" ብለን እንደ ፖሲዶን እንፈራዋለን። ልጇ ከስደት ያልተመለሰላት እናት "ስጦታዬ አንሶ ይሆን?" ብላ ራሷን እንድትከስ የሚያደርግ ትምህርት፣ በእኔ አመለካከት፣ የኢየሱስን ስም የለበሰ የወንዝ አምልኮ ነው።

ስለት ሁሉ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። ዮናስ 1፥16ን ልብ በሉ፤ መርከበኞቹ የተሳሉት ባሕሩ ጸጥ ካለ በኋላ ነው። ምስጋና ነበር፤ የመሻገሪያ ዋጋ አልነበረም።

በማርቆስ 4 ላይ ደግሞ ደቀ መዛሙርቱ ጨርሶ አልተሳሉም። ውኃው ጀልባዋን ሊሞላ ሲል የተኛውን ጌታ የቀሰቀሱት በወቀሳ ነበር። እርሱ ግን ወቀሳቸውን አልተቀየመም፤ ዋጋም አልጠየቀም። ተነሥቶ ነፋሱን ገሠጸ፣ ባሕሩም ታዘዘው። ጥያቄ የጠየቃቸው ከዚያ በኋላ ነው፤ እርሱም ስለ እምነታቸው እንጂ ስለ ስጦታቸው አልነበረም።