ከጋንዲ ሚዛን እስከ ስኳር ክሊኒክ

በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል የተወለደ ሕፃን ገና በመጀመሪያው ሰዓት ሚዛን ላይ ይወጣል። ክብደቱ በካርድ ይጻፋል። ከ2,500 ግራም በታች ከሆነ ባለሙያዎቹ ይጠነቀቁለታል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ዘመድ አዝማዱ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብሎ ወደ ገንፎው ያልፋል፣ ቁጥሩም ይረሳል። ያው ሕፃን ከአርባ ዓመት በኋላ ደሙ ውስጥ ስኳር ተገኝቶበት እዚያው ቂርቆስ ውስጥ ዘውዲቱ ሆስፒታል ቢቀርብ፣ ስለ አመጋገቡ፣ ስለ ጨውና መጠጡ፣ ስለ እንቅስቃሴው፣ አባቱም ስኳር ነበረባቸው ወይ ተብሎ ይጠየቃል። ስንት ኪሎ ሆኖ እንደተወለደ ግን የሚጠይቀው የለም። የዚህ ጽሑፍ ሙግት ይኸው ነው፦ የስኳር፣ የደም ግፊትና የልብ ሕመም ታሪክ የመጀመሪያ ገጽ እርግዝናና ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ዓመታት ናቸው፤ እኛ ግን መጽሐፉን ከመሐሉ ገልጠን እያነበብን ነው።

ከመሐሉ እንድንጀምር ያደረገን ስኳርና ግፊትን የጠገበ ሰው በሽታ አድርጎ የማየት ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው ጥናት ከአዋቂዎች 16 በመቶው የደም ግፊት ተገኝቶባቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መረጃ ደግሞ በኢትዮጵያ ከሚከሰተው ሞት 39 በመቶ የሚሆነው ተላላፊ ባልሆኑ በሽታዎች የሚመጣ ነው። በዚህች አገር ያን ያህል የጠገበ ሰው ከየት መጣ?

መልሱን ፍለጋ ራቅ ብለን እንጀምር። ዴቪድ ባርከር የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም በ1986 አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አሳየ፦ በእንግሊዝና በዌልስ የልብ ሕመም በብዛት የሚገድለው፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሕፃናት በብዛት ይሞቱባቸው በነበሩት ድሃ አካባቢዎች ነበር። ቀጥሎ ሃርትፎርድሺር በተባለ የእንግሊዝ አውራጃ አዋላጆችና ጎብኚ ነርሶች ከ1911 ጀምሮ የእያንዳንዱን ሕፃን ክብደት ሲወለድና ዓመት ሲሞላው የመዘገቡባቸው አሮጌ መዝገቦች ተገኙ። በ1989 በታተመው ጥናት ከ5,600 በላይ ወንዶች ተፈልገው ተገኙ፤ ዓመት ሲሞላቸው ክብደታቸው ዝቅተኛ ከነበሩት መካከል በልብ ሕመም የሞቱት ቁጥር ከፍተኛ ሆነ። አንዲት ነርስ በብስክሌት እየዞረች የጻፈችው ቁጥር ከስድሳ ዓመት በኋላ ይህን ያህል መናገሩ አሁንም ያስደንቀኛል።

ነገሩ እንዲህ ይሠራል። ጽንሱ ምግብ ሲያጥረው አንጎሉን ለማዳን ከሌላው ይቀንሳል። ኩላሊት ደም የሚያጣራባቸው ጥቃቅን ክፍሎች ተሠርተው የሚያልቁት ከመወለድ በፊት ነው፤ ያኔ የጎደለው በኋላ በምንም ምግብ አይተካም። ጣፊያ አጠገብ ያለው፣ ኢንሱሊን የሚያመነጨው ቆሽትም፣ ስኳር የሚያቃጥለው ጡንቻም ድርሻቸው ያንሳል። ሰውነቱ እንግዲህ ለድህነት ተዘጋጅቶ ይወለዳል። ድህነቱ ከቀጠለ ብዙ ጊዜ አይታወቅበትም፤ ችግሩ ይበልጥ የሚገለጠው ኑሮው ሲለወጥ ነው።

የእጥረትን ዳፋ ለማየት እንግሊዝ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ጎንደር ውስጥ ዶክተር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው ለዓመታት ያዩዋቸው የስኳር ሕሙማን ቀጫጭን፣ ድሃና ገጠሬ ነበሩ፤ ያለ ኢንሱሊን ግን አይኖሩም። ቡድኑ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተመው ጥናት ይህን ዓይነቱን ስኳር ከድህነት፣ ከልጅነት የምግብ እጥረትና ካልተመጣጠነ የሰውነት አቋም ጋር አያይዞታል። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ከምግብ እጥረት የሚመጣውን ስኳር «ዓይነት 5» ብሎ ዕውቅና የሰጠው በ2025 ነው። በራያ ቆቦም በኢትዮጵያ አቆጣጠር የ1977ቱ ረሃብ በማህፀን ወይም በጨቅላነት የደረሰባቸው ሰዎች ተጠንተዋል፤ ጎልማሳ ሲሆኑ የወገብ ስብ፣ የደም ግፊትና የስኳር መዛባት ተደራርቦ የመታየቱ ነገር ከሌሎቹ ጎልቶባቸዋል።

አሁን ወደ ቂርቆስ፣ ወደ ካዛንቺስ ሰፈር እንመለስ። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ድርጅት ነው። ዛሬ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንና ትልልቅ ሆቴሎች ያሉበት ነው፤ ከጀርባቸው ደግሞ የቀበሌ ቤት፣ የከሰል ምድጃና የጉልት ገበያ ኖሯል። ከወሎ ወይም ከጎንደር መጥታ ሰው ቤት የምትሠራ ወይም ሕንፃ ላይ አሸዋ የምትሸከም ወጣት በእርግዝናዋ ጠዋት ሻይ በዳቦ ቀምሳ ትውላለች። ጾም ሲገባ፣ ቤተ ክርስቲያን ለነፍሰ ጡር ብታዝንላትም፣ ይሉኝታና እምነት ይዟት ትጾማለች። (የንስሐ አባት አንድ ቃል እዚህ ላይ ከሐኪም ምክር በላይ ይሠራል ብዬ አምናለሁ።) ልጇ ትንሽ ሆኖ ይወለዳል። ከዚያ ግን የሚያድገው በከተማው ገበታ ነው፤ ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ብስኩት፣ ለስላሳ፣ ትምህርት ቤት በር ላይ የሚሸጥ የተጠበሰ ድንች። እጥረትና ትርፍ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ የሚገናኙት እዚህ ነው። አደጋውም መገናኘታቸው ነው።

ጅማ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ከተወለዱበት ቀን አንሥቶ ስባቸውና ሥጋቸው ተለይቶ እየተለካ የሚከታተሏቸው ልጆች አሉ። ከተለዩት የዕድገት መንገዶች አንዱ፣ ዝቅ ብሎ ጀምሮ በፍጥነት የሚያሻቅበው ነው። የእኛ ሰው ደግሞ በዚህ ነው ደስ የሚለው። «ሞላ፣ ተመቸው» እንላለን፤ ጤና ጣቢያም ሚዛኑ ሲወጣ ይደሰታል። የወጣው ግን ጡንቻ ይሁን ስብ ሚዛኑ አይናገርም።

ታዲያ ልጆችን አናብላ ማለት ነው? እዚህ ላይ የጓቲማላ ታሪክ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1977 በአራት መንደሮች ለእናቶችና ለሕፃናት በሁለቱ እንደ እኛ አጥሚት ያለ ፕሮቲን ያለው መጠጥ፣ በሁለቱ ደግሞ ጣፋጭ መጠጥ ብቻ ይሰጥ ነበር። አጥሚቱን በጊዜ ያገኙት አድገው ሲታዩ በስኳር መያዛቸው ቀነሰ፤ ውፍረታቸው ግን ጨመረ። ምግቡ ሠርቷል፣ በኋላ የመጣው ኑሮ ደግሞ የራሱን አደረገ። ስለዚህ ገና በማህፀን ሳለ የጎደለውን መሙላትና በኋላ ትርፉን መግታት አንድ ሥራ ነው። በእኛ አገር ግን ሥራው ለሁለት ተከፍሏል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታወጀው የሰቆጣ ቃል ኪዳን መቀንጨርን እስከ 2030 ለማጥፋት ይሠራል፤ ስኳርና ግፊትን የሚመለከተው ክፍል ደግሞ በአዋቂ ላይ ያተኩራል። መኪና የማያልፍባቸው እሑዶች፣ የብስክሌት መንገዶች፣ በአዋጅ ቁጥር 1186/2012 የተጣለው የለስላሳ መጠጥ ታክስ፣ ሁሉም ጥሩ ናቸው፤ ሁሉም ግን የሚደርሱት አርፍደው ነው።

ማንም የጤና ፖሊሲ ብሎ የማይቆጥራቸውን ሁለት ነገሮች ላንሣ። አንደኛው የካዛንቺስ መፍረስ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2017 መጀመሪያ በኮሪደር ልማት ምክንያት ብዙ ነዋሪ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ቦታዎች ተዛውሯል። የተሻለ ቤትና መጸዳጃ ለሕፃን ጤና ትልቅ ነገር ነው፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን አራሷን የሚያርሳት ጎረቤት፣ እናት ለሥራ ስትወጣ ልጅ የሚይዙ እማማ፣ በዱቤ ሽሮና እንቁላል የሚሰጥ ሱቅ አብረው በአንድ መኪና አይጫኑም። ሥራዋ ካዛንቺስ፣ ቤቷ ገላን የሆነ እናት ጡት የምታጠባው መቼ ነው? ልጁ የሚይዘው ጡጦና ብስኩት ነው።

ሁለተኛው የወሊድ ፈቃድ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ሐኪም ግን ስድስት ወር ጡት ብቻ አጥቢ ይላል። ወሩ ከቀኑ ጋር አይገጥምም። ያም ቢሆን ውል ላላት ሴት ነው፤ የቤት ሠራተኛዋ፣ የቀን ሠራተኛዋና የጉልት ነጋዴዋ አንድ ቀን እንኳ የላቸውም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሕፃናት ማቆያ እንዲኖረው የሲቪል ሰርቪስ ሕጉ ያዛል፤ በካዛንቺስ ለሚቆሙት የግል ሕንፃዎች ግን የመኪና ማቆሚያ እንጂ የሕፃናት ማቆያ ሲጠየቅ አልሰማሁም። የግንባታ ፈቃድ ሲሰጥ ማቆያው እንደ መኪና ማቆሚያው ግዴታ ቢሆን፣ ጽዳት ሠራተኛዋና አሸዋ ተሸካሚዋም ውል ባይኖራቸውም እንዲጠቀሙበት ቢደረግ፣ ከአንድ አዲስ የስኳር ክሊኒክ የማያንስ ሥራ ይሠራል። የጋንዲ ካርድም እስከ ትምህርት ቤት ምገባ፣ ከዚያም እስከ ዘውዲቱ የሕክምና ፋይል ልጁን ይከተለው፤ ሃርትፎርድሺሮች ቁጥሩን ጠብቀው ያቆዩት በእጅ በተጻፈ መዝገብ ነበር።