ከመሸ በኋላ ለማን ምን ይሰጣል?

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ የተስፋፋው የኮሪደር ልማት ወደ ባሕር ዳርና ጎንደርም ተሻግሯል። ያሸበረቀውን አደባባይ የሚያወድሱም የሚነቅፉም አሉ። እኔ የምጠይቀው ከሁለቱም ወገን ያልሰማሁትን ነው፤ ጌጡ ራሱ ኃይል ቢያመነጭስ?

ሐሳቡ ቅዠት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 አርክቴክቱ ኒኮላ ባሺች በክሮኤሺያዋ ዛዳር ከተማ፣ በባሕሩ ዳር፣ 22 ሜትር ስፋት ያለው ክብ በ300 የመስታወት ሰሌዳዎች አነጠፈ። ሥራው ቀን የፀሐይን ኃይል ያጠራቅማል፤ ሲመሽ በሰው እግር ሥር ያበራል። ለእኛ ይበልጥ የሚቆጨው ግን ሌላው ነው። ሠዓሊው ኦላፉር ኤሊያሰን ከኢንጂነር ፍሬድሪክ ኦተሰን ጋር ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2012 ለንደን በሚገኘው ቴት ሞደርን ያቀረበው «ሊትል ሰን» የተሰኘው የፀሐይ ፋኖስ፣ መልኩን የወሰደው ከእኛው አደይ አበባ ነው! በየመስከረሙ የጎጃምን መስክ የምታለብሰው አበባ በባዕድ እጅ መብራት ሆነች፤ እኛ ግን በካርድ ላይ እያተምናት እንኳን አደረሳችሁ እንባባላለን።

እስቲ ደምበጫን፣ ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን እናስብ። ከዋናው መንገድ ፈቀቅ ብሎ ባለው ገጠር ኩራዝ ዛሬም የቤት ዕቃ ነው። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ከአገሪቱ ሕዝብ ግማሹን የሚጠጋው ግን ገና መብራት አላገኘም። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው።

ታዲያ በደምበጫ ገበያ እንደ ዋርካ ቅርንጫፉን የዘረጋ፣ ቅጠሉ የፀሐይ ሰሌዳ የሆነ ሐውልት ቢቆም ምን ይጎድልብናል? ቀን ለባለ ገበያው ጥላ ይሆናል፤ ማታ ተማሪ ያነብበታል፤ የገጠሩ ሰው ስልኩን ይሞላበታል። በማስተምርበት ግቢ ስለ ፀሐይ ኃይል የተጻፉ የመመረቂያ ጽሑፎች መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣሉ። ቀራፂውና ብረት ሠሪው ከእነዚህ ወጣቶች ጋር ቢገናኙ ዕውቀቱ ከደጃችን አይርቅም።

«ጥበብ የአገልግሎት ባሪያ መሆን የለበትም» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። መሶብን ይመልከቱ! ጌጥ ነው ወይስ ዕቃ ብሎ የተከራከረ አባት አልነበረንም። ይልቅ የሚያሰጋኝ ሌላ ነው። ባትሪ ያረጃል፤ ሰሌዳ አቧራ ይለብሳል። ለጠጋኙ በጀት ሳይያዝ ሪባን ከተቆረጠ፣ የሚተርፈን ሌላ የሞተ ብረት ነው።

እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ ማዘጋጃ ቤት ለሐውልት አዋጡ ሲላችሁ ከማዋጣታችሁ በፊት ጠይቁ፤ ከመሸ በኋላ ለማን ምን ይሰጣል? ማንስ ይጠግነዋል?