ለፖሊሲውስ ቦሎ የሚለጥፍለት ማነው?

የመኪናዬ ቦሎ ሊያልቅ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል። መኪናዬ ስል አንባቢ እንዳይሳሳት፤ ድምፅ አልባዋ ቻይና ሠራሽ ኤሌክትሪክ አይደለችም። በፈረንጅ የ1982 ሞዴል፣ አዲስ አበባ «ዲኤክስ» ብላ የምታቆላምጣት ቶዮታ ኮሮላ ነች። አባቴ ጥሎልኝ ያለፈው እሷንና አንድ የግድግዳ ሰዓት ነው። ሰዓቱ ከቆመ ቆይቷል። እሷ ግን እየጨሰችም ቢሆን ትሄዳለች።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ አድሼ ለምርመራ ላቅርባት ወይስ ለአራጅ ልስጣት? አራጅ ማለት፣ ላላወቀ፣ አሮጌ መኪና ገዝቶ ሞተሩን ለብቻ፣ በሩን ለብቻ፣ ፍሬቻውን ለብቻ እየፈታ ሶማሌ ተራ የሚቸረችር ነጋዴ ነው። የተረፈው ላሜራ የቁራሌው ድርሻ ነው።

ባለፈው ሳምንት ከዑራኤል ወደ ባምቢስ ቁልቁለቱን ስወርድ ፍሬን ረገጥኩ፤ እግሬ ወለሉ ድረስ ሰመጠ። ደጋግሜ ስረግጠው እንደምንም ያዘ። ከፊት ለፊቴ፣ ዜብራው ላይ፣ አንዲት ሴት ልጇን አዝላ ትሻገር ነበር። ምንም አልሆነችም፤ እንዲያውም ዞራ አላየችኝም። እኔ ግን መኪናዋን ጥግ አስይዤ፣ ቁልፉን ነቅዬ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። ስለዚህ ባለሥልጣናቱ «አሮጌ መኪና ይገድላል» ሲሉ ከእንግዲህ አልስቅም። እውነታቸውን ነው፣ ይገድላል። በዚህ አገር መንገድ ላይ በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠር ወገን ያልቃል። ምርመራው ይቅርልን የሚል ጽሑፍ የጠበቀ አንባቢ ካለ ከወዲሁ ይወቀው፤ እኔ እንደዚያ አልልም።

መካኒክ ፍለጋ ወጣሁ። የኛ ቤት መካኒክ ጋሼ ካዛንቺስ ውስጥ ለውስጥ ነበር የሚሠሩት። ካዛንቺስ ስሟን ያገኘችው ጣሊያን በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት ይሠራበት ከነበረው «ኢንቺስ» ከተባለ ድርጅት ነው። የጋሼም ቋንቋ ከዚያው የወረስነው ነው፤ ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ኩሽኔታ፣ ቴስታ። ጣሊያን በአምስት ዓመቱ ቢወጣም መካኒኮቻችን አፍ ላይ ቀርቷል። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ግን የኮሪደር ልማቱ ሁለተኛ ዙር መጣና ሰፈሩ ፈረሰ። ነዋሪው ዕቃውን በአይሱዙ ጭኖ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌላም የከተማ ዳር ተበተነ፤ እናቴም አብራ ሄደች። የጋሼ ጋራዥ ከነጉድጓዱ ተደፈነ። በስልክ ሳገኛቸው «ልጄ፣ መሣሪያዬ እህቴ በረንዳ ላይ ተቆልሏል» አሉኝ። ቢሆንም መጡ። እኔ የምኖርበት ጨርቆስ ድረስ መጥተው፣ መኪናዋን በክሪክ አንስተው፣ ካርቶን አንጥፈው ከሥሯ ገቡ።

«የፍሬን ማስተሩ አልቋል፤ የኋላው ሸራም ሳስቷል» አሉ ከሥር ሆነው። «ጭሱ ፋሻ ነው። ሞተር ይወርዳል።»

«ስንት ይፈጃል ጋሼ?»

«የእጄን እነግርሃለሁ። የዕቃውን ግን ዛሬ የጠራልህ ነጋዴ ነገ አይደግምልህም።»

አልተሳሳቱም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ይተመን ሲባል ዋዜማውን በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ዓመት ሳይሞላው ከ130 ብር አለፈ። ፋሻውም፣ ማስተሩም፣ የፍሬን ዘይቱም የሚመጣው በዶላር ነው። ሶማሌ ተራ ወርጄ ደመርኩት፤ ከእጅ ዋጋ ጋር 140 ሺህ ብር። አራጁ ደግሞ «እንዳለች» 200 ሺህ ሰጠኝ። በ200 ሺህ ብር ዛሬ ምን ዓይነት መኪና ይገዛል? የመኪና ፎቶ ካልሆነ በቀር!

ሦስተኛ መንገድም አለ። አንድ ደላላ ሻይ ጋብዞኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «መኪናዋ እንኳ አትንገላታ፤ ቦሎው ራሱ ይመጣልሃል፤ 15 ሺህ ብቻ» አለኝ። የትኛው ምርመራ ቦታ እንደሆነ አልጠየቅሁም፣ ብጠይቅም አልጽፈውም። ለአንድ ቀን ደህና ጎማ ተውሶ ምርመራ አልፎ ማታ ለባለቤቱ የሚመልስም ሞልቷል። በ140 ሺህና በ15 ሺህ መካከል ስንቱ ደመወዝተኛ የትኛውን እንደሚመርጥ ለመገመት ጠንቋይ መቀለብ አያስፈልግም። ያቺ ልጅ ያዘለች ሴት ዜብራው ላይ የምትጠብቀው ይኼንን ባለ 15 ሺህ ቦሎ ነው እንግዲህ።

ለመሆኑ እዚህ እንዴት ደረስን? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ መኪኖች ላይ፣ በተለይ ዕድሜያቸው በገፋው ላይ፣ ከዋጋቸው የሚበልጥ ቀረጥ ጫነ። ዓላማው አሮጌ መኪና እንዳይገባ ነው ተባለ፤ ዓላማው ክፉ አይደለም። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ (ዶ/ር) ከኤሌክትሪክ በስተቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቁ። ሁለቱም በሮች ሲዘጉ አገር ውስጥ የነበረው አሮጌ መኪና ምን ሆነ? ወርቅ ሆነ! በሌላው ዓለም መኪና ከሱቅ በወጣ ማግስት ዋጋው ይወርዳል። እኛ ጋ አርባ ዓመት አልፏት ዋጋዋ ይወጣል። አሮጌውን ለማጥፋት የወጣ ፖሊሲ አሮጌውን የባንክ ደብተር አደረገው። ለዚህ ነው ማንም ዲኤክሱን የማያሳርደው፤ ቦሎ የተለጠፈባት ዲኤክስ ከአራጁ ዋጋ እጥፍ ድርብ ታወጣለችና።

«ኤሌክትሪክ ግዛ» ይሉኛል። ኤሌክትሪኩ ከኤክሳይስ፣ ከተጨማሪ እሴት ታክስና ከሱር ታክስ ነፃ ተደርጎ እንደነበር አልክድም፤ ጥሩ ነበር። ነፃ ሆኖም ዋጋው በሚሊዮን የሚቆጠር ነበር። ሊትር ቤንዚን በ2017 ዓ.ም. ከ100 ብር ካለፈ ወዲህ ነዳጅ ቅዳ ወይስ ምሳ ብላ እያልኩ ከራሴ ጋር የምሟገት ሰው፣ ሚሊዮኑን ከየት አምጥቼ?

ግብፅ ይኼ ጣጣ ነበረባት። የካይሮ ጥቁርና ነጭ ታክሲዎች አሮጌ ፊያት፣ አሮጌ ላዳ፣ አሮጌ ፔዦ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣ የትራፊክ ሕግ ከ20 ዓመት በላይ የሆነ ታክሲ ፈቃዱ እንዳይታደስ ተደነገገ። እኛ ቢሆን እዚያ ላይ እናቆም ነበር። እነሱ ግን በማግስቱ፣ በ2009፣ አሮጌውን ለሚያስረክብ ባለታክሲ 5 ሺህ የግብፅ ፓውንድ ሰጡ፤ ባንኮች ለአዲሱ ብድር አዘጋጁ፤ ከመኪናው ላይ ማስታወቂያ የሚገኘው ገቢ ለዕዳው ክፍያ እንዲያግዝ ተደረገ። ከ40 ሺህ በላይ ታክሲ ተቀየረ። በዓባይ ጉዳይ ስንጨቃጨቅ ኖረናል፤ በዚህኛው ግን ብንኮርጃቸው የሚያሳፍር አይመስለኝም።

የኛ መንግሥት «አሮጌ ነው፣ ይወገድ» ማለቱን ያውቅበታል፤ የሚቀረው «ከዚያስ?» የሚለው ነው። ለእናቴ የካዛንቺስ ቤት፣ ሩቅም ቢሆን፣ ምትክ ተሰጥቷታል። ለዲኤክሷ ምትክ የሚል አዋጅ አላየሁም። መንግሥት ከመኪና ቀረጥ ከሚሰበስበው ላይ ቆንጥሮ፣ መኪናውን ከነታርጋው ከነሊብሬው ለሚያስረክብ ዜጋ ከአራጁ የተሻለ ዋጋ ይስጥ፤ ቀሪውን በረጅም ጊዜ ብድር ያገናኘው። ይኼ እስኪሆን ድረስ ደግሞ ከሁሉ በፊት በፍሬን ዕቃ ላይ ያለውን ቀረጥ ያንሳ። የመኪናዬን ፍሬን የሚመረምር መንግሥት፣ ፍሬኑን የምጠግንበትን ዕቃ እንደ ሽቶ ሊቀርጥብኝ አይገባም።

ደላላውን «ይቅርብኝ» ብዬዋለሁ፤ ስቆብኛል። 140 ሺው የለኝም። የዕቁባችንን ዳኛ ለምኜ ዕጣዬን ቀድመው እንዲሰጡኝ አድርጌያለሁ፤ እሱ ለፍሬኑ ይበቃል። ፍሬኑ ይሠራና እቀርባለሁ፤ በጭሱ ከጣሏት ለአራጁ እደውላለሁ። ጋሼ ቅዳሜ ይመጣሉ። እስከዚያው ጎማዋ ሥር ድንጋይ ተደርጎላት ጨርቆስ አጥር ሥር ቆማለች። እናቴ ለ22ቱ ዑራኤል ከገላን ጉራ የምትመጣው በታክሲ ነው፤ እየቀያየረች፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነስታ።