ጌሙ ከስቶር ወጣ፤ ብር የከፈልኩበትስ? አቤት የሚባለው ማን ጋ ነው?

ከሽሮ ሜዳ እስከ አዲሱ ገበያ፣ የጉለሌ ፕሌይስቴሽን ቤቶች ውስጥ ዛሬም ፊፋ 23 የሚያጫውቱ አሉ። ተጫዋቾቹ ክለብ ቀይረዋል፣ አንዳንዶቹ ጭራሽ ጫማ ሰቅለዋል፤ ግን ሂሳብ የሚከፍል ልጅ እስካለ ማን ይጨነቃል? ጭንቀቱ የሚመጣው የኮንሶሉ ሃርድ ዲስክ የተበላሸ ቀን ነው። ያንን ጌም ድጋሚ ከስቶር ልግዛ ቢሉ የለም።

ነገሩ የጀመረው ግንቦት 2014 ላይ ነው። ኢኤ ስፖርትስና ፊፋ ወደ 30 ዓመት ገደማ አብረው ከሰሩ በኋላ በስሙ ጉዳይ ሳይስማሙ መለያየታቸው ታወቀ። ፊፋ 23 በዚያ ስም የወጣ የኢኤ የመጨረሻ ጌም ሆነ። መስከረም 2016 ላይ ኤፍሲ 24 ሲመጣ የድሮዎቹ ፊፋዎች ከዲጂታል ስቶሮች ተነሱ።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚያምታታው ነገር አለ። ከሽያጭ መውጣትና ከገዢው መወሰድ ይለያያሉ። በስቲምም ሆነ በፕሌይስቴሽን፣ በራስህ አካውንት የገዛኸው ፊፋ ላይብረሪህ ውስጥ ስለሚቆይ ድጋሚ ማውረድ ትችላለህ። ሰርቨሩ ሲዘጋ ደግሞ ኦንላይኑ ይቀራል እንጂ ሁለት ሰው ሶፋ ላይ ተቀምጦ መጫወቱ አይቀርም።

የባሰም አለ። የዩቢሶፍት ዘ ክሩ የተባለው የመኪና ጌም ብቻህን ስትጫወት እንኳ ሰርቨር ይፈልግ ነበር። መጋቢት 2016 ላይ ሰርቨሩ ተዘጋ፣ ቀጥሎ ፈቃዱም ከገዢዎች ላይ ተነሳ። ሮስ ስኮት የተባለ ዩቲዩበር በዚህ ተናዶ የጀመረው ዘመቻ አውሮፓ ውስጥ ከ1 ሚሊዮን በላይ ፊርማ ሰብስቧል። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ የወጣው የሶኒው ኮንኮርድ ደግሞ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ሲዘጋ የገዙት ሁሉ ገንዘባቸው ተመልሶላቸዋል። ስለዚህ ብር መመለስ ይቻላል፤ ኩባንያው ከፈለገ። ካሊፎርኒያ ከፈረንጆቹ 2025 ጀምሮ ስቶሮች የሚሸጡት ጌሙን ሳይሆን የመጠቀም ፈቃድ መሆኑን ለገዢው በግልጽ እንዲናገሩ በሕግ አስገድዳለች።

ወደኛ ስንመጣ ግን ክርክሩ እዚያ ድረስም አይደርስም። ብዙዎቻችን ውጭ የሚከፍል ካርድ ስለሌለን ጌም የምንገዛው ከቴሌግራም ሻጭ በቴሌብር ነው። ሻጩ ኢሜይልና ፓስወርድ ይልካል፣ አውርዶ መጫወት ነው። እኔም እንደዚያ ነው የገዛሁት። አንድ ቀን አካውንቱ አልገባም አለኝ፤ ለሳፖርት ጻፍኩ፣ አካውንቱ የተከፈተበትን ኢሜይልና የግዢ ቁጥሩን ጠየቁኝ። ሁለቱም ያሉት ሻጩ ጋ ነው። ሻጩ ደግሞ ብሎክ አድርጎኛል።

እውነቱን ለመናገር ሳፖርቱ አልበደለኝም። በእነሱ መዝገብ እኔ ደንበኛ አይደለሁም፣ የሰው አካውንት ልግባ ያልኩ ሰው ነኝ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ 813/2006 ነጋዴ ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ በዩዘርኔም ብቻ የሚታወቅ ሻጭ ላይ ግን ምን ይዘህ ትሄዳለህ? የቴሌብር መልእክቱ ለሆነ ሰው ብር መላክህን ነው የሚያሳየው፣ በብሩ ጌም መግዛትህን አያሳይም።

ስለዚህ የግድ በሰው በኩል የምትገዙ ከሆነ አካውንቱን በራሳችሁ ኢሜይል ከፍታችሁ፣ ሻጩ እዚያ ላይ ጊፍት ካርድ እንዲሞላላችሁ አድርጉ። ስቶሩ የሚልከው የግዢ ማረጋገጫ ያኔ እናንተ ጋ ይመጣል፣ አይጥፋ። ጌም ቤት ለከፈታችሁ ደግሞ ለፊፋ ዓይነቱ ዲስክ ይሻላል፤ ስቶሩ ቢያወጣውም ዲስኩን ከትቶ ኦፍላይን ማጫወት ይቻላል፣ ሲሰለች ይሸጣል። ዲስክ ማስገቢያ የሌለውን ኮንሶል በርካሽ አገኘሁ ብላችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ይቺን አስቧት።