የንግድ ስም ውርስ

የንግድ ስም እንደ ርስት በውርስ ብቻ ጸንቶ ይኖራል የሚሉ ነጋዴዎች ጥቂት አይደሉም። በፈረንሳይ አገር፥ በሬምስ ከተማ፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1772 ዓ.ም. የተቋቋመው የክሊኮ ሻምፓኝ ቤት ታሪክ ግን ይህን አሳብ ያፈርሰዋል።

የመሥራቹ ልጅ ፍራንሷ ክሊኮ በ1805 ሲሞቱ ባለቤታቸው ወይዘሮ ባርብ ኒኮል ፖንሳርዳን ገና የ27 ዓመት ሴት ነበሩ። ንግዱን ሳይዘጉ ራሳቸው ያዙት፤ ቤቱም እስከ ዛሬ «መበለት ክሊኮ» ይባላል። በ1814 የናፖሌዎን ጦርነት ሲያከትም ተፎካካሪዎቻቸውን ቀድመው ከ10,000 የሚበልጥ ጠርሙስ ወደ ሩስያ ላኩ። በ1816 ደግሞ ጠርሙሱ ተደፍቶ የሚቆምበትን ባለቀዳዳ ጠረጴዛ አሠርተው፥ አተላው ወደ አንገቱ ወርዶ እንዲወጣ በማድረግ ጠጁን አጠሩት። ቀዩን ከነጩ ያዋሐደውን ሮዜ በ1818 አወጡ።

ባለቢጫ ወረቀቱ ሻምፓኝ ጣዕሙ እንዳይለዋወጥ የልዩ ልዩ ዓመታት ጠጅ ተዋሕዶ ይዘጋጃል፤ ዓመተ ምሕረት የሚጻፍበት ግን መልካም ምርት በተገኘበት በአንድ ዓመት ወይን ብቻ ይሠራል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ምርት በከፋበት ዓመት የታወቀ ስሙን በዝቅተኛ ዕቃ ላይ የሚለጥፍ ወራሽ የአባቱን ድካም በርካሽ ይሸጣል። መልካም ስም በየዓመቱ ለደምበኛ የሚከፈል ዕዳ መሆኑን የተረዳ ነጋዴ ግን ለልጆቹ የሚያወርሰው አያጣም።