ቀላል መኪና፤ ከባድ ምኞት

ሰው የሌለውን ነገር ሲመኝ ዋጋውን አይጠይቅም። ምኞት ቀረጥ አይከፈልበትምና አንዱን ከሌላው ሳያማርጥ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይሻል። ይህ ጠባይ በታላላቅ ጉዳዮች ላይ ብቻ የሚታይ አይደለም፤ በአንዲት አነስተኛ አውቶሞቢል ላይ የተነሣ ክርክር እንኳ አጥርቶ ያሳየናል። ዛሬ በዚህ ዓምድ ልናወሳው የፈለግነውም ይኸው ክርክር ነው። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካላመለከትን በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የጃፓኑ ቶዮታ ኩባንያ በኦክቶበር ወር 2009 በቶኪዮ የአውቶሞቢል ትርኢት ላይ አንዲት ባለ ሁለት በር፣ ዝቅ ያለች፣ ቀይ የስፖርት መኪና አቀረበ። ስሟ ኤፍ.ቲ. 86 ነበር። ለናሙና እንጂ ለሽያጭ ገና አልተዘጋጀችም። ይሁን እንጂ የተሰጠው ተስፋ ግልጽ ነበር፤ ክብደቷ ቀላል፣ የሞተሯ ኃይል ወደ ኋላ ጎማ የሚሄድ፣ ዋጋዋም ደመወዝተኛ ወጣት ሊደርስበት የሚችል ትሆናለች ተባለ።

ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣላትም። ቶዮታ ከ1983 እስከ 1987 ድረስ ኤ.ኢ. 86 በሚል መለያ የምትታወቅ ኮሮላ ይሠራ ነበር። ኮሮላን የማያውቅ የአገራችን አንባቢ አይገኝም፤ በአዲስ አበባ ጎዳና ስንቱን ቤተሰብ እንዳገለገለ ሁሉም ያውቃል። በዚያ ዘመን የኮሮላ ወገን አብዛኛው በፊት ጎማ ወደ መጎተት ሲለወጥ፣ ይህች ግን በኋላ ጎማዋ እየተገፋች ቀረች። ሞተሯ 1,587 ሲሲ፣ ክብደቷም ከአንድ ቶን በታች ነበር። ብዙ ወጣቶች አሮጌዋን በርካሽ እየገዙ በተራራ መንገድ ላይ መንዳት ተማሩባት። ከ1995 ጀምሮ የታተመው ኢኒሺያል ዲ የተባለው የሥዕል ታሪክ ደግሞ ዝናዋን ከጃፓን ባሕር አሻገረው።

እንግዲህ የዚህች መኪና ወራሽ መጣች ሲባል፣ ናሙናይቱ ከታየችበት ቀን አንሥቶ እውነተኛይቱ ለገበያ እስከ ወጣችበት እስከ 2012 ድረስ የመኪና ወዳጆች ሲከራከሩ ቆዩ። አንደኛው ወገን፣ የጠፋው ነገር ተመለሰ፤ ቀላል መኪና በጠመዝማዛ መንገድ ላይ የሚሰጠውን ደስታ ጉልበት አይሰጠውም እያለ አመሰገነ። ሁለተኛው ወገን፣ 200 የፈረስ ጉልበት በዛሬ ዘመን ለቤተሰብ መኪና እንኳ አይበቃም፤ ቱርቦ ይጨመርበት፣ ጎማው ይስፋ፣ የውስጡም ዕቃ ይማር አለ። ሦስተኛው ተጠራጣሪ ነበር፤ ለናሙና የቀረበ ነገር ፋብሪካ ሲገባ መክበዱና መወደዱ አይቀርም ሲል ተነበየ።

ሁሉም ለመኪናይቱ ካላቸው ፍቅር ተነሥተው መናገራቸውን አንጠራጠርም። ነገር ግን የሁለተኛው ወገን ጥያቄ ሲመረመር በውስጡ የተሸሸገ ሒሳብ ይገኛል። ቱርቦ የሚባለው መሣሪያ ከሞተሩ የሚወጣውን ጭስ ኃይል ተጠቅሞ አየርን አስገድዶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ነው። እርሱ ሲጨመር የሚገባውን አየር የሚያቀዘቅዝ ሌላ ዕቃና ቧንቧ ይከተለዋል። ጉልበቱ ሲበረታ ካምቢዮውና የኋላው አክስል መጠንከር አለባቸው። ፍጥነቱ ሲጨምር ፍሬኑ ይተልቃል፤ ፍሬኑ ሲተልቅ ጎማው ይሰፋል፤ ይህ ሁሉ ሲሆን መኪናይቱ ትከብዳለች፤ ስትከብድም እንደ ገና ተጨማሪ ጉልበት ትጠይቃለች። በመጨረሻ የምትገኘው መኪና ግሩም ልትሆን ትችላለች፤ ቀላልና ርካሽ የተባለችው ግን እርሷ አይደለችም። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም ያሉት አባቶቻችን ይህን የመሰለ ሒሳብ ሲያስቡ ኖሮ ነው።

የሥራው ኃላፊ የነበሩት መሐንዲስ ቴትሱያ ታዳ ይህን ሒሳብ ያወቁት ይመስላል። ቱርቦ የለም፣ አራቱን ጎማ የሚያሽከረክር መሣሪያ የለም፣ መንገድ ላይ የሚጣበቅ ሰፊ ጎማም የለም ብለው ወሰኑ። ከሱባሩ ኩባንያ ጋር በመተባበር ፒስተኖቹ ግራና ቀኝ ተጋድመው የሚሠሩ 1,998 ሲሲ ሞተር ዝቅ አድርገው አስቀመጡ። ይህ ዓይነት ሞተር ቁመቱ አጭር ስለ ሆነ የመኪናይቱ ክብደት ወደ መሬት ይቀርባል፤ በኩርባ ላይም ብዙ አታዘነብልም። ጎማው ወርዱ 215 ሚሊ ሜትር ብቻ ሆነ። ፕሪየስ ከተባለችው ቤንዚን ቆጣቢ መኪና ጎማ ጋር አንድ ዓይነት ነው ተብሎም ብዙ ተቀለደበት። መሐንዲሶቹ ግን ይህን ያደረጉት አስበው ነው፤ ጎማው ቶሎ የሚንሸራተት ከሆነ ነጂው በዝግታም እየሄደ የመኪናውን ጠባይ ሊማር ይችላልና።

ውጤቱ ምን ሆነ? ተጠራጣሪው ወገን ተሳሳተ። መኪናይቱ 1,200 ኪሎ ግራም ገደማ ሆና ወጣች፤ በአሜሪካ አገር ዋጋዋ 25 ሺህ ዶላር ያህል ነበር። በጃፓን ደግሞ መከላከያዋ ቀለም ያልተቀባ፣ አየር ማቀዝቀዣ የሌላት፣ ከ2 ሚሊዮን የን ጥቂት በሚያንስ ዋጋ የምትሸጥ ዓይነት ቀረበች። ቃል የተገባው ተፈጸመ ማለት ነው። የገዢው ቁጥር ግን የጩኸቱን ያህል አልዘለቀም። በአሜሪካ በ2013 ከ18 ሺህ በላይ ተሽጣ ሳለ በ2015 ወደ 10 ሺህ ገደማ ወረደች።

ፍርዳችን ሚዛናዊ እንዲሆን ግን ነቃፊዎቹ ልክ የነበሩበትንም መናገር ይገባናል። ሞተሩ ከፍተኛውን የመጠምዘዝ ኃይሉን፣ ማለት 205 ኒውተን ሜትር፣ የሚሰጠው በደቂቃ ከ6,400 ዙር በላይ ሲደርስ ነበር። በመካከለኛው ዙር ላይ፣ ነጂው አብዛኛውን ጊዜ በሚገኝበት ስፍራ፣ ጉልበቱ ጎደል ይል ነበር። ይህን የተናገሩት ወዳጆች ተጨማሪ ጉልበት ስጡን ብቻ አላሉም፤ የቱ ላይ እንደጎደለ ለይተው አመለከቱ። በ2021 የወጣችው ሁለተኛይቱ ትውልድ የ2.4 ሊትር ሞተር ይዛ 250 ኒውተን ሜትሩን በ3,700 ዙር ላይ ሰጠች። ቱርቦ አልገባባትም፤ ክብደቷም እጅግ አልጨመረም። እንግዲህ በአሥር ዓመት ውስጥ የተሰማው አቤቱታ የትኛው እንደ ሆነ ልብ ይሏል። ሁሉንም ጨምሩ ያለው ሳይሆን ጉድለቱን በጣቱ ያመለከተው ነው።

ይህን ስንጽፍ መኪናይቱ ወደ እኛ ትመጣለች ብለን አይደለም። አገራችን በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ መከልከሏ ይታወቃል። በአውሮፓም አዲሱ የደኅንነት ደንብ በመጽናቱ ሽያጯ በ2024 አብቅቷል። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ በመቶ ኪሎዎች የሚቆጠር ስለ ሆነም ቀላል መኪና የመሥራቱ ነገር ወደፊት ይበልጥ ያስቸግራል እንጂ አይቀልም።

እኛን የነካን ሌላ ነገር ነው። ተማሪውም ሆነ ወጣቱ ባለሥልጣን በየዕለቱ አንድ ዓይነት ፈተና ይገጥመዋል። አንድ አነስተኛ እቅድ ለውይይት ሲቀርብ እያንዳንዱ ተሰብሳቢ አንድ ነገር ይጨምርበታል። የሚጨመረው ሁሉ በየራሱ መልካም ነው፤ ተቃዋሚም አይገኝለትም። እቅዱ ግን ከስብሰባው ሲወጣ ከብዶና ተወድዶ፣ ከመሳቢያ ሳይወጣ ይቀራል። ቶዮታ ይህችን መኪና ሲያስተዋውቅ በኮሚቴ ሳይሆን በፍቅር የተሠራች ናት ማለቱ ለማስታወቂያ ያህል ቢሆንም ቁም ነገር አለው። ኮሚቴ መጨመር እንጂ መተው አይሆንለትምና።

ስለዚህ ወጣት አንባቢዎቻችን አንድ ልማድ እንዲይዙ እንመክራለን። አንድ ነገር ይጨመር ብለው እጃቸውን ባነሡ ቁጥር በምትኩ ምን ይቀነስ የሚለውን አብረው ይናገሩ። ይህን ለመመለስ የማይችል ሰው ምኞቱን ነገረን እንጂ አስተያየቱን አልሰጠንም።