ስለ ዶሮ ደም ማነስና ስለ እርሾ ጥቅም

ዶሮ ማርባት የጓዳ ሥራ ነው ብለው የሚንቁት ሰዎች አሉ። ነገር ግን በብዙ ገበሬ ቤት ጨውና የልጅ ልብስ የሚገዛው እንቍላልና ዶሮ ተሸጦ ነው። ዶሮይቱ ስትከሳ ቤቱም አብሮ ይከሳል፤ ስለዚህ አገር የሚያስተዳድር ሹምና ባለመሬት ሁሉ ነገሩን ሊያስብበት ይገባል።

ኩክኒዋ የገረጣ፥ ላባዋም የጐሰቈለ ዶሮ ብዙ ጊዜ ደም ያነሳት ናት። ደም የሚሠራው ከምግብ ነውና፥ ተዘግቶባት እህል ብቻ የምትበላ ዶሮ የሚያስፈልጋትን ሁሉ አታገኝም። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1931 ዓ.ም. ሉሲ ዊልስ የተባለች እንግሊዛዊት ሐኪም በቦምባይ ደም ያነሳቸው እርጉዞች ከእርሾ በተዘጋጀ ምግብ እንደ ዳኑ ገለጸች። በዚያው አቈጣጠር በ1940 ዓ.ም. በአሜሪካ የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ሆጋንና ፓሮት የጫጩቶች ደም ማነስ ከአንድ ቪታሚን መጕደል ሊመጣ እንደሚችል አስታወቁ። ይህ ቪታሚን ዛሬ ፎሊክ አሲድ ይባላል፤ በእርሾ ውስጥም በብዛት ይገኛል።

እንግዲህ እርሾን ከሩቅ አገር ብቻ መፈለግ አያሻም። ከጋን ሥር የሚዘቅጠው የጠላ አተላ እርሾ ያለበት ነው። አተላውን በከንቱ ከማፍሰስ ይልቅ አፍልቶ፥ በፀሐይ ፈጥኖ አድርቆ፥ ከመኖው ጋራ በጥቂቱ መደባለቅ ይሻላል። የሻገተው ግን መርዝ ሊሆን ስለሚችል ይጣል። ከፋብሪካ የተገኘ የደረቀ የቢራ እርሾ ሲሆን ከመኖው 100 እጅ ከ2 እስከ 5 እጅ ይበቃል።

ይሁን እንጂ እርሾ ምግብ ነው እንጂ የደዌ ሁሉ መድኃኒት አይደለም። ቀን በቤቱ ስንጥቅ ተሸሽጎ ሌሊት ደም የሚመጥ ቅንቅን አለ። ኮክሲዲዮሲስ የተባለውም በሽታ አንጀትን አቍስሎ ደም የተቀላቀለበት ኵስ ያስወጣል። ይህን ሳይመረምር እርሾ ብቻ የሚሰጥ ሰው፥ የሚያፈስ ጋን ሳይደፍን ውኃ እንደሚሞላ ነው። አስቀድሞ ቤቱ ይጠረግ፥ ስንጥቁ ይደፈን፥ ጕዝጓዙ ይድረቅ፥ የታመመችውም ለእንስሳት ሐኪም ትታይ።

ሹማምንት ይህን ምክር በገበያ ቀን ቢያስነግሩ፥ ባለመሬቶችም በገዛ ቤታቸው ጀምረው ቢያሳዩ ጥቅሙ ፈጥኖ ይታያል። ገበሬ ከትእዛዝ ይልቅ በዓይኑ ያየውን ያምናልና።